ጋሼ ሰዓት የቆመበት ወንዝ

የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ የመስመሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሰዓት» ነው የሚለው። አርፍዶ አያውቅማ! ከደጋው ከተማ ቆላውን አቋርጦ ወደ ወደቡ የሚወርደውን መንገድ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጢሙ እስኪሸብት ነድቶታል። ሚስቱ «የሙዙና የዘንባባው አገር እንዴት ነው?» ስትለው፣ «አስፋልት ነው» ይላታል። ሌላ ነገር አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ እዚያው ቆላ መሃል ራዲያተሩ ፈላ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ተትጎለጎለ። ረዳቱ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ቦርጫምና ቀልደኛ። «ወገኖቼ፣ ሰዓታችን ቆመ!» ቢል ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሼ ሰዓት ግን አልሳቀም። አንዲት ነጋዴም «ቲማቲሜ ሊበሰብስ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ጄሪካኑን ነጥቆ፣ እያጉረመረመ፣ የውሃ ድምፅ ወደሚሰማበት ቁልቁል ወረደ።

የሙዙ ቅጠል ገና ያንጠባጥባል። ሸሚዙ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ቅጠሉን በክንዱ ገፋ አድርጎ ሲወጣ፣ ወንዙ ጥግ ያለው አሸዋ ቢጫ ሆኖ ታየው። የረገፈ አበባ መሰለው። አንድ እግሩን ሲያሳርፍበት አሸዋው ተነሣ።

ቢራቢሮ ነበር። ቢጫ፣ ነጭ፣ እንደ ቡታጋዝ ነበልባል ሰማያዊ፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ቢራቢሮ ከእግሩ ሥር እየፈለቀ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጣ። ፀሐይዋ ራሷ በክንፎቹ መሃል ተቆራርጣ ፊቱ ላይ ትርገበገብ ጀመር። ያ ሁሉ ፍጥረት ድምፅ የለውም፤ እንደ እስትንፋስ ያለ ነገር ብቻ ጆሮውን ነካው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተመልሰው አረፉ፤ በአሸዋው ላይ፣ በጄሪካኑ ላይ፣ ላብ ባራሰው የእጁ ጀርባ ላይ። እጁን ማንቀሳቀስ ፈራ።

«አቤት ያንተ ሥራ!» አለ በሹክሹክታ።

ረዳቱ ሊፈልገው ወረደ። «ምን ነካህ፣ ጋሼ? ሰው እኮ በፀሐይ...» ብሎ ሳይጨርስ አሸዋው ዳር ቁጢጥ አለ። ተሳፋሪውም አንድ ሁለት እያለ ተከተለ። ያቺ ነጋዴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል እንደሚገባ ሰው በእግሯ ጣቶች ቆማ ገባች። የቲማቲሙን ነገር ያነሣ አልነበረም።

የዚያን ቀን አረፈደ። የመናኸሪያው ኃላፊ «ምን ገጠመህ?» ሲለው፣ «ቢራቢሮ» አለ። ኃላፊው ያፌዘበት መስሎት ተቆጣ። ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት መቀመጥ እንኳ አቃተው። እሷም ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «ይሄን ሰውዬ ምን አጠጣችሁት?» አለች።

በሳምንቱ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ወሰዳት። ቢራቢሮዎቹ ሲነሡ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ዕድሜህን ሙሉ በዚህ ነው የምታልፈው?»

«በዚህ ነው» አላት፤ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ወዲህ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር፣ አውቶቡሱ እዚያ ያርፋል። ተሳፋሪው እግሩን ይታጠባል፣ ማንጎ ይልጣል። ጋሼ ሰዓት ኮፍያውን አውልቆ አሸዋው ዳር ይቆማል፤ «እንሂድ» የሚለውም ረዳቱ ነው።