ወንድሜን «ቁም» ስናስተምረው

መብራት የጠፋ ዕለት ከሁላችን ቀድሞ ያወቀው ወንድሜ ነው። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ትራንስፎርመር የተሸከመ የመብራት እንጨት አለ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይሄድና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። እንጨቱ «እምምም» ይላል፤ እሱም አብሮ «እምምም» ይላል። ይህን ካደረገ ቀኑ ሰላም ይውላል። ያን ዕለት ግን ቶሎ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ቆሞ ጆሮውን በመዳፉ ይመታ ጀመር። እናቴ «ምን ነካብኝ ልጄን?» ስትል የወፍጮው ባለቤት በአጥር በኩል ሰማት።

«መብራት ሄዷል እኮ። ከቡሬ ጀምሮ ነው አሉ።»

እስኪመጣ እንጠብቅ ብለን ተቀመጥን። ሳምንቱም አለፈ፤ ወሩም አለፈ።

እኔ ፍኖተ ሰላም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ስለተዘጋ ከወላጆቼ ቤት ገብቼ ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል አገር። አባቴ ገበሬ ናቸው። እናቴ ከአዊ ወገን ናት፤ ከወንድሜ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ በአዊኛ ታወራዋለች። መልስ አይሰጣትም፤ ግን ከአጠገቧም አይርቅም።

ወንድሜ ዛሬ ሙሉ ሰው ነው፤ ቁመቱ ከአባቴ በልጧል። የሚናገራቸው ቃላት ግን ጥቂት ናቸው። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም። ሰው ዓይን ለዓይን ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ጩኸት ከሰማ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ሕፃን ሳለ አንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ ሌላው «ልክፍት ነው» አለ። ወላጆቼ ግሽ ዓባይ ድረስ ወስደው አስጠመቁት። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሕዝቡ ሲጮህ እሱም ጮኸ፤ እሱ ሲጮህ ደግሞ «ያው፣ መንፈሱ ለፈለፈ» ተባለ። ውሃውን ግን ወዶት ነበር። ሰው ሁሉ ሄዶ ጸጥ ሲል እጁን ነክሮ አልወጣም ብሎ እናቴን አስቸገራት።

ስለ ወንድሜ መጀመሪያ የተረዳሁት መምህርነት ስማር ነው። የልዩ ፍላጎት መምህራችን ኦቲዝም ስለሚባል ነገር ሲያስረዱ እጄ ከጽሕፈቱ ቆመ። ጆሮ ስለሚያሠቃይ ድምፅ፣ አንድን ነገር ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ካላደረገ ስለሚጨንቀው ልጅ ሲናገሩ ቤታችንን ያዩ መሰለኝ። ለእረፍት ስመጣ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ስሙን ማወቅሽ መልካም ነው» አሉኝ። «መድኃኒቱስ?»

«በሽታ አይደለም አባባ። አፈጣጠሩ ነው። እኛ ነን እሱን መልመድ ያለብን።»

አባቴ፣ «እኛማ ለምደነዋል ልጄ። ሰው ነው ያልለመደው» አሉ።

በሰላሙ ጊዜ ጎረቤቱ እናቴን ሲያጽናና «ተይ፣ ዝም አይነቅዝም» ይላት ነበር። እውነትም ዝምታው ማንንም አይጎዳም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በመንገዱ ላይ የታጠቀ ሰው በዛ። ዛሬ እነዚህ ያልፋሉ፤ ነገ እነዚያ ይመጣሉ። የሚጠይቁት ግን አንድ ነው፦ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ። ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ሆነ።

ከዚያ እናቴ አንድ ቀን ከለቅሶ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የሞተው ከማዶ ቀበሌ ጆሮው የማይሰማ ሰውዬ ነው። የጠፋ በሬ ሊፈልግ ወጥቶ ነበር።

«ከኋላው ነው አሉ የጠሩት» አለች። «ቁም ብለውት አልቆመም።»

ማን እንደተኮሰ አልጠየቅናትም። እሷም አልነገረችንም። ሁላችንም ወንድሜን ነው ያየነው። ደጃፉ ላይ የተሰጣውን በርበሬ አንድ በአንድ እያነሳ ጫፉን በአንድ በኩል ያሰልፍ ነበር።

እሱ ደግሞ በየዕለቱ እየራቀ መሄድ ጀምሯል። የወፍጮ ቤቱ እንጨት ዝም ሲልበት ወደሚቀጥለው ሄደ። ያም ዝም ሲለው ወደሚቀጥለው። የሚጮህ እንጨት ፍለጋ ወደ አስፋልቱ እየተጠጋ ነበር። ሮጠን እየመለስነው በማግሥቱ ይሄዳል። በር ስንዘጋ አጥር ጥሶ ይወጣል።

የንስሐ አባታችን መጥተው ጉዳዩን ሰሙና ለአባቴ እንዲህ አሏቸው፦ «እሰሩት ማለት ይከብደኛል። ግን ከመሞት መሰንበት። ቀኑ እስኪያልፍ ነው።»

አባቴ ተነሥተው መጫኛ አመጡ። እግሩን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት። ቋጠሮው እንቢ ስላላቸው ደግመው ቋጠሩት። ወንድሜ መጀመሪያ ገመዱን አየ፤ ሳበው። ከዚያ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር ማጋጨት ጀመረ። እጄን በመሐል ሳገባ እጄን ጨምሮ መታው። ደም በቅንድቡ ሲወርድ እናቴ ማጭድ አንስታ መጫኛውን ቆረጠችው።

«ልጄን በቁሙ አልቀብረውም» አለች።

«ቁም» የሚለውን ቃል እናስተምረው ያልኩት በማግሥቱ ነው። ወንድሜ የሽምብራ ቆሎ ይወዳል። እጁን ይዤ በግቢው አብሬው እሄዳለሁ፤ «ቁም» እልና እቆማለሁ፤ ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ አነሣለታለሁ፤ ከዚያ መዳፉ ላይ ቆሎ አደርግለታለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቃል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። አባቴ ከዳር ሆነው አዩን አዩንና «ወይፈን መሰለሽ የምታለማምጅው?» አሉኝ። ቀስ በቀስ እጁን ሳልይዘው መቆም ቻለ። ቆሞም እጁን ያነሣ ጀመር። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ድምፁ እንዳያስደነግጠው በእጇ ከደነችው።

አንድ ነገር ግን ይጨንቀኝ ነበር። እሱ የለመደው የእኔን ድምፅ ነው፤ ያውም ለስላሳውን።

«አባባ፣ እርስዎ ይጩኹበት» አልኳቸው።

«እኔ?»

«መንገድ ላይ የሚጠራው በእኔ ድምፅ አይደለም። የወንድ ቁጣ መልመድ አለበት።»

አባቴ በበሬ ሲያርሱ እንኳ የማይጮኹ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቁም!» አሉ። ወንድሜ ጆሮውን ይዞ ሮጠ፤ የተሰጣውን በርበሬ በትኖ ከጎተራው ኋላ ገባ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄንን ነዋ የሚያዩት» አሉ። «ሲሮጥ።»

ከዚያ በኋላ ግን የተጀመረ ሥራ ሳይጨረስ አይቀርም ብለው ያዙት። ድምፃቸውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ አደረጉ። መጀመሪያ ከቅርብ፣ ከዚያ ከበሩ፣ ከዚያ ከኋላው። ከጮኹ በኋላ ራሳቸው መጥተው ቆሎውን ያጎርሱታል፤ ጫንቃውን ያሻሉታል። በርበሬው ደርቆ ሳያልቅ ወንድሜ በአባቴ ቁጣ ቆሞ እጁን የሚያነሣ ሆነ። አባቴ በዚያ ሰሞን ድምፃቸው ሰልሎ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ቡሬ ሄዳለች፤ አባቴ አውድማ ላይ ናቸው። በርበሬውን ሳገላብጥ ቆይቼ ቀና ስል ወንድሜ የለም። በወፍጮ ቤቱ በኩል ሮጥኩ። በእንጨቶቹ መስመር ርቆ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ አየሁት። እንዳይደነግጥ ብዬ አልጠራሁትም፤ ዝም ብዬ ተከተልኩት። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር የታጠቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። ወንድሜ እነሱን አላያቸውም። ዓይኑ ከማዶ ባለው እንጨት ላይ ነበር።

«ቁም!» አለ አንዱ እየተነሣ።

ወንድሜ ቆመ። ሁለቱን እጆቹን ጣቶቹን ዘርግቶ ወደ ላይ አነሣ፤ ልክ እንዳስተማርነው። ተረፈ ብዬ እግዚአብሔርን ላመሰግን ስል አንድ እጁን አወረደ። መዳፉን ከፍቶ ወደ ሰውዬው መሄድ ጀመረ። ቆሎውን ሊቀበል ነው።

ሰውዬው ጠመንጃውን አነሣ። «ቁም አልኩህ!»

እንደገና ቆመ። እንደገና እጁን አነሣ። እንደገና መዳፉን ዘርግቶ ተራመደ። ሁለት ጊዜ ታዟል፤ ሁለት ጊዜ አድርጓል፤ ሰውዬው ግን ምንም አልሰጠውም። ግራ መጋባቱ ከኋላው እንኳ ይታየኝ ነበር።

«አትተኩሱ! ወንድሜ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አይናገርም! ኦቲዝም ነው ያለበት!»

«ምን? ምንድን ነው የምትይው?» አለኝ ጠመንጃውን ሳያወርድ።

ያን ቃል ማስረዳት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ። ወንድሜ ከአፈ ሙዙ ፊት ደርሷል።

«እብድ ነው!» አልኩ። «ጌቶቼ፣ እብድ ነው! ተዉት!»

ሰውዬው በሰደፉ ጫንቃውን መታው። ወንድሜ ወደቀ፤ ጆሮውን ይዞ ኩርምት አለ። ከጥላው ሥር የተቀመጠ ጠና ያለ ሰው «በቃ፣ ልቀቀው። እብድ መሆኑ አይታይህም?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውሰጅው አንች። ዛሬ እኔ ስላለሁ ነው። ሁለተኛ ከመጣ የሚያገኘውን አላውቅም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

እስከ ቤት ድረስ መዳፉን እንደዘረጋ ነው የተመለሰው። ቆሎ አልያዝኩም ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ «ቁም» ሲባል ይሮጣል። በማግሥቱ አባቴ ሳያስቡት፣ ያውም በቀስታ፣ ቃሉን ሲሉት አጥር ጥሶ ወጣ። ሁላችንም ቃሉን መጥራት ተውን። አባቴ በሬዎቻቸውን እንኳ የሚያቆሙት በፉጨት ነው። ድሮ «ቁም» ሲሉት አይሰማም ነበር፤ አሁን ይሰማል፤ ሰምቶም ይሮጣል። የከፋውን ያስተማርነው እኛ ነን፤ ያም ሆኖ ሌላ ምን ማድረግ እንደነበረብን ዛሬም አላውቅም።

«ከእንግዲህ ፊት ፊቱን እኔ እሄዳለሁ» አሉ አባቴ።

«የት ይሄዳሉ አባባ?»

«እሱ ከሚሄድበት።»

እንዳሉትም አደረጉ። ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከሩቅ እንዲታዩ ብለው፣ ከወንድሜ ቀድመው ይወጣሉ። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ሰው ይኑር አይኑር ሳያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ፦ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ! አባትና ልጅ ነን! ወደ እንጨቱ ነው የምንሄደው!» አብዛኛውን ጊዜ ከመታጠፊያው ወዲያ ማንም የለም። አንድ ጎረቤት «አባትየውንም ጀመራቸው» ማለቱን እናቴ ሰምታ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ቀድሞ አንድ ሰው ነበር በመንገዱ ላይ፤ አሁን ሁለት ሆኑ።

ትምህርት ሲጀመር ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ወንድሜን ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት «ይጮሃል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ዋሽቼ «አይጮህም» ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱን ከመውሰድ ያስቀረኝ መንገዱ ነው። መኪናው በየቦታው ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይሰለፋል፤ ስሙንና አገሩን ይጠየቃል። አባቴም «ከተማው ውስጥ ማን ነው ፊት ፊቱን የሚሄድለት? አንች ክፍል ነሽ» አሉኝ።

መብራቱ አንዳንዴ ይመጣል፤ ተመልሶ ይሄዳል። ስልኩም እንዲሁ ነው። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ሞክሬ ድንገት ገባልኝ። እናቴ አነሣች።

«ደህና ነን ልጄ። በርበሬውን እየለቀምኩ ነው።»

«አባባስ?»

«ከወንድምሽ ጋር በጠዋት ወጥተዋል።»

«እስካሁን?»

ከኋላዋ ዶሮዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል። «ዛሬ ትንሽ ቆዩ» አለች። «እኔም አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ ብቅ ልል ነበር። ይመጣሉ እንግዲህ። አንች አትጨነቂ፣ ሥራሽን...»

መሥመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፤ አልገባም። ደግሜ ሞከርኩ። የክፍል ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ገብተው ተነሥተው ሰላም አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩና ጠመኔ አነሣሁ።