አማቴ ያጠቡት ሻጋታ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። “ንጽሕና” የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን አጥብቆ ይይዛል። ሶዶ በተሰጠን ሥልጠና አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ከአፈር የሚገኝ ጠቃሚ ፈንገስ የተከማቸ ሰብልን ከመበስበስ እንደሚከላከል ሲያስረዱን ቃል በቃል ጻፍኩ። ስንለያይ ፈንገሱን ያበቀሉበትን ማሽላ በከረጢት ሰጡኝ። ለማያውቀው ሰው የሻገተ ማሽላ ነው።

ቦይና፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው፣ ለዘር የቀበርነው በየዓመቱ ይበሰብስብናል። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የዘሩን ግማሽ እንድሞክርበት ሰጡኝ።

“ይኼ ከበሰበሰ ግማሹ ማሳ ባዶውን ይከርማል። ያኔ ደብተርሽን ትቀቅይልናለሽ” አሉኝ።

ባለሙያው ያሉት አፈሩን አራግፉለት ብቻ ነው። ይህ ለእኔ አነሰኝ። አንድ በአንድ በበረኪና አጠብኩት። ከዚያ ማሽላውን በበጠበጥኩበት ውኃ ነክሬ፣ ጥላ ላይ አድርቄ ቀበርኩት።

በማግስቱ ጓዳ ስገባ የተረፈው ማሽላ የለም። እንግዳ ይመጣል ብለው አማቴ ጓዳዬን አጽድተዋል። ማሽላውን ፈትገው አጥበው ለዶሮዎች በትነውታል።

“ሻጋታ ታስቀምጫለሽ እንዴ ልጄ? ሰው ቢያይ ምን ይለናል! አንዳንዴ ከደብተሩ ቀና በይና ጓዳሽንም እዪ እንጂ!”

“እጣቢውስ?” አልኳቸው።

“እኔ ልቀብረው የከመርኩት ቦይና ላይ ደፋሁት። ውኃ ለምን ይባክናል?”

ውስጤ አረረ።

የካቲት ላይ ጉድጓዶቹን ስንከፍት ባለሙያውም መጡ። የእኔ ገና ሳይከፈት ሸተተ። ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ ለዘር አይሆንም። የአማቴ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ወጣ። ያደረግኩትን ለባለሙያው ከደብተሬ አነበብኩላቸው። በረኪናው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

“ላዩ ላይ የቀረው በረኪና እኮ ጥሩውንም ፈንገስ ይገድለዋል! እጠቢ ያለሽ ማነው?”

ማንም አላለኝም። የእጣቢውን ነገር ስነግራቸው፣ “ፈንገሱን እኮ በእጣቢው አጠጥተውታል!” ብለው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

አማቴ ከዘራቸው አካፍለውኝ ማሳው ባዶውን ሳይከርም ቀረ። ጎረቤቶች ምን አድርገው እንደሆነ ሲጠይቋቸው ግን እኔን እያዩ፣ “ምንም የለውም፤ ንጽሕና ነው” ይላሉ። ለአማቴ እውነቱን ልነግራቸው ሞክሬ ነበር፤ ከሻጋታ ጋር ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም።

ያኔ ያፈርኩበትን አሁን እስቅበታለሁ። ዘንድሮ ባለሙያው ሌላ ከረጢት ሰጡኝ። ጓዳ፣ አማቴ በሚያዩት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩትና “ነገ እንግዳ አለብን” ብያቸው ወጣሁ።