የአባቴ ደረትና የእናቴ እምቢታ

ጠላት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር አራዳ ብቻ ይባል በነበረበት ጊዜ። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ የወላጆቼ ቤት አፍንጮ በር ነው። እኔ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ቤቴ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቢሆንም እግሬ ከነሱ ደጅ አይጠፋም፤ ባሌም "አንቺ እኮ ተድረሽም ከእናትሽ ቤት አልወጣሽም" እያለ ያበሽቀኛል።

አንድ ሰሞን አባቴ ዳገት ሲወጣ ደረቱን መያዝ ጀመረ። ያስደነገጠን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አባቱም ታላቅ ወንድሙም ደረታቸውን እንደያዙ ነው ድንገት የወደቁት። እሱ ግን "ብርድ ነው" እያለ ፌጦውን ይውጣል። ለምና ለምና፣ በመጨረሻም አኩርፋ ፈረንጁ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እናቴ ነች፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና ውስጡን በመብራት ላንሣው አለ። ዛሬ ራጅ ይባላል፤ ያኔ እኛ የፈረንጅ መብራት ነበር የምንለው። አስተርጓሚው እንዳስረዳን ሐኪሙ ማየት የፈለገው የልቡን ስፋትና ከልቡ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ነው። ልብ ሰፍቶ ከተገኘ የሚመጣውን አደጋ ከወዲሁ መገመት ይቻላል አለን። አባቴ "የሚመጣውንማ እግዜር ያውቃል" አለ፤ ሆኖም እጀ ጠባቡን አውልቆ ቆመለት።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ሐኪሙ ለምጥ ተጠርቶ አስተርጓሚውን አስከትሎ ሄደ። የቀረው ረዳት ሰኞ እንድንመለስ ነገረን። አባቴ "የኔው ደረት አይደለም እንዴ፣ እኔው ዘንድ ይክረም፤ ሰኞ ይዤው እመጣለሁ" ብሎ ድርቅ አለ። ረዳቱም ሰለቸውና ሰጠው።

ቤት እንደገባን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ግራና ቀኙ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። አባቴ ብዙ አየውና "ከስሏል፤ ውስጤ ከስሎ አልቋል" አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጎረቤት ደግሞ መቼ አፍ ያጣል። አንዷ ጥቁሩ መግል ነው ስትል ሌላው የለም፣ ነቀርሳው ነጩ ነው ይላል። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው "ነፍስዎን ያስቡ" ብለውት ወጡ። ሰው ስለማያውቀው ነገር አፉን ሞልቶ ሲናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፤ ያን ቀን ሁሉንም ጠርጌ ባስወጣቸው ደስ ባለኝ ነበር።

አባቴ በዚያው ቆረጠ። በኛ ዘንድ ሞቱ የቀረበ የመሰለው ሰው መንኩሶ መሞትን ይመኛል። ቆብ ከጫነ በኋላ ግን ትዳሩ አበቃ፤ ወደ ሚስቱ መመለስ የለም። የነፍስ አባታችንን አስጠርቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገዳም እንዲወስዱትና እንዲያስመነኩሱት ለመናቸው። እሳቸውም ሚስትህ ፈቅዳለች ወይ ብለው ጠየቁት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለአባቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"አልፈቅድም" አለች። "ሐኪሙ ያየውን ሳይነግረን አልፈቅድም። ሰኞ ከሰማን በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ።"

"እስከ ሰኞ ብሞትስ?"

"ከሞቱ እቀብርዎታለሁ። ቆመው ሲሄዱ ግን አልቀብርዎትም።"

ቄሱም ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ አባቴ አኮረፋት። እኔን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ እሑድ አልፎ በድንገት ቢሞት፣ የመጨረሻ ምኞቱን የከለከለችው እሷ ሆና እንዴት ልትኖር ነው እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ሰኞ ሦስታችን ሄድን። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ የነጩን ጠርዝ በጣቱ እየተከተለ ቆየ። ከዚያ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ወደ አባቴ ዞረ።

"ጥቁሩ አየር ነው። ጤነኛ ሳንባ አየር ስለሚሞላው እንዲህ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ነጩ ልብዎ ነው፤ አልሰፋም። ትልቁ የደም ሥር ብቻ ጥቂት የመደንደን ምልክት አለው፤ እሱ ለወደፊቱ ይጠንቀቁ የሚል ነው። ጨውና ጮማ ይቀንሱ፣ ዳገት በቀስታ ይውጡ። በዓመቱ ይምጡና ደግመን አንሥተን ከዚህኛው ጋር እናስተያየዋለን።"

"እንግዲያ አልሞትም?" አለ አባቴ።

"መሞቱንስ ይሞታሉ፤ አሁን የሚያስቸኩል ነገር ግን የለም" አለው። አስተርጓሚው የአራዳ ልጅ ነው።

እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ደጅ ስንወጣ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አባቴ ግራ ገባው።

"ምነው? ደህና ነው ተባልኩ እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሞትማ ከእግዜር ነው፤ ምን አደርጋለሁ፣ እቀበለው ነበር" አለችው፣ በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች። "እርስዎ ግን በሕይወት እያሉ ነው ትተውኝ ሊሄዱ የነበረው።"

ያኔ ባልና ሚስት አላፊ አግዳሚው እያየ ጎን ለጎን መቀመጥ ነውር ነበር። አባቴ ግን ሄዶ ድንጋዩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ለቅሶዋን እስክትጨርስም አልተነሣም።