አንድ ስኒ ወተት ለዳማ

እትዬ የኔነሽን ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ሲያስሉ እንኳ እሰማቸዋለሁ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጤና ረዳት ነበሩ፤ መጀመሪያ አሰንዳቦ፣ ከዚያ ሊሙ ገነት። በ1992 ጡረታ ሲወጡ ጅማ መጥተው እኛ ግቢ ተከራዩ። የሸዋ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ የሰፈሩን ልጅ ግን እንደ ወለደ ሰው ነው የሚቆጡት። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። እናትየዋ ከቸኮለች አለቀላት! «ቀስ እያልሽ በማንኪያ! በርሜል ነው እንዴ የምትሞዪው?» ይሏታል። የእኔን ሁለት ልጆች ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ወላሂ።

ዳማ የመጣችው በክረምት ነው። ሁለት ወር የማይሞላት ዳማ ቀለም ያላት ድመት፣ በዝናብ በስብሳ በራቸው ሥር ተገኘች። «ድመት አልወድም፤ ሲያባራ ትሄዳለች» አሉ። አባራ፤ ዳማ ግን የት ትሄዳለች! ጭራሽ ትራሳቸው ላይ መተኛት ጀመረች። እትዬ የኔነሽ ቤታቸው ውስጥ ሲስቁ በግድግዳው የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በጥቅምት አስቀመጣት። ምን እንደበላች በምን ይታወቃል? ግቢው አምስት ቤት ነው፤ ሁሉም የተረፈውን ይወረውርላታል። እትዬ የኔነሽ በካርቶን ይዘዋት እንስሳት ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ የለመደው ላምና በግ ነው፤ ቢሆንም አልሳቀባቸውም። «ለእንዲህ ትንሽ ድመት የሚሆን መድኃኒት የለኝም» አላቸው። «ወተት አያስነኳት፣ ቅባትም። ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉላት፤ ሲሻላት ትንሽ የተቀቀለ ሩዝ።»

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በፋሻ አሰሯት! ጎረቤት እንዳያበላት ብለው ወገቧን ከአልጋው እግር ጋር። ስገባ ትጮሃለች። ደሜ ፈላ። እኛ ቤት፣ ድመት አስራ ያስራበች ሴት በአኺራ ምን እንደሚጠብቃት ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየተነገረን ነው ያደግነው።

«ማሎ እትዬ፣ ይፍቷት! ወንጀል ነው!»

«ዙህራ፣ ሥራዬን አታስተምሪኝ። አንጀቷ ይረፍ።»

በማግስቱ የመድኃኔዓለም ንግሥ ነበር። ቁልፉን ሰጡኝ። «በየሰዓቱ ከዚህ የስኳርና የጨው ውሃ ሁለት ማንኪያ። ሌላ ምንም ነገር የለም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ሰምቻለሁ! ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ፊቷን አዞረች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ጮኸች። አንጀቴን በላችው። ፈታሁና አንድ ስኒ ወተት ቀዳሁላት። ጅራቷን አቁማ ጥርግ አድርጋ ጠጣችው፣ ጢሟን ላሰች፣ ጭኔ ላይ ወጥታ አንቀላፋች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ያዳንኳት መስሎኝ። ከዚያ መልሼ አሰርኳትና ስኒውን አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ውሃ ይወርዳት ጀመር። እትዬ የኔነሽ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተንበረከኩ። በማንኪያ ሞከሩ፣ በጠብታ ሞከሩ፣ ከንፈሯን በጣታቸው አረጠቡ። አይወርድላትም። «እምቢ አለችኝ እኮ፣ ዙህራ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ቆሜ እጄን አፋትጋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። «ጨው አብዝቼ ይሆን? የድመት ልኩ ሌላ ይሆን?» ይሉኛል በየቀኑ። ያንኑ ማንኪያ አምጥተው ፊቴ ይለካሉ። «ተመልከቺ፣ ይሄ በዛ?» አልበዛም እላለሁ። ንገሪያቸው ይለኛል ልቤ፤ እኔ ግን ማንኪያውን አጥቤ እመልስላቸዋለሁ።

በኅዳር ጎረቤታችን ረይሃና ተቅማጥ የያዘውን ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል። እትዬ የኔነሽ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ልጄ። እጄ ከድቶኛል። አንዲት ድመት ማዳን ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

«ዛሬ እሑድ ነው እኮ፣ እትዬ!» ረይሃና ማልቀስ ጀመረች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «እትዬ» አልኩ፣ «ወተት ሰጥቻት ነበር። የንግሡ ቀን።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት?»

«አንድ ስኒ።»

«ሁሉንም ጠጣችው?»

«ሁሉንም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በሰደቡኝ! «ርቧት ነበራ፣ የኔ ሚስኪን» አሉና እንባቸው ዝርግፍ አለ። ከዚያ ተነስተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። «ውሃ ጣጂ እንጂ! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» ብለው ረይሃና ላይ ጮኹና ልጁን ተቀበሏት።

ልጁ ዳነ፤ አሁን ኳስ ይጫወታል። እትዬ የኔነሽ ዛሬም ጎረቤቴ ናቸው፤ በኢድ ይመጣሉ፣ በገና እሄዳለሁ። ለንግሥ ሲወጡ ግን ቁልፉን ይዘውት ነው የሚሄዱት።