እሳት የማይፈራ እጅ

ሀደሮ ገበያ ዳር ቆጮ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አለች። የሚያርረው ኮባ ሽታ በደረሰኝ ቁጥር አክስቴ ዘሪቱ ትዝ ትለኛለች።

ልጅ ሳለሁ እናቴ በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ ከእሳት የምታነሳው በጨርቅ ይዛ ነበር። አክስቴ ግን ኮባው እየጨሰ በባዶ እጇ ታወጣዋለች፤ ፊቷ እንኳ አይጨማደድም። አባቴ እንግዳ ሲመጣ «የእህቴ እጅ እሳት አይፈራም» እያለ ይኮራባት ነበር።

አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ መዳፏን እያገላበጠች፣ «ጥንካሬ እኮ አይደለም፤ ትኩሱ አይታወቀኝም» አለችን። አባቴ ሳቀ። እናቴ ደግሞ «ምነው የኔንም እጅ እንዳንቺ ባደረገው» አለች። እኔም ለራሴ ተመኘሁ።

እጇን ያደነዘዘው የሥጋ ደዌ መሆኑን ያወቅነው ጣቶቿ ታጥፈው አልዘረጋ ካሉ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ የሰጧት ኪኒን በሽታውን አዳነላት፤ ጣቶቿን ግን አልመለሰላትም። ያው ኪኒን እኛ ስንስቅም በነጻ ይሰጥ ነበር።

ዛሬ ሻጯ ቆጮውን በባዶ እጇ ስታነሳ አየሁና ደነገጥሁ።

«አያቃጥልሽም?» አልኳት።

«እንዴት አያቃጥለኝ» ብላ ጣቶቿን እፍ እፍ አለች።

እፎይ አልሁ። አክስቴ ግን ማንም ሳይጠይቃት ነግራን ነበር።