አራት ጎማ ያለው አልጋ

ለዚህ ጽሑፍ አፈጻጸም ሲባል «ማዘንጊያ ገብረ መድኅን» ማለት በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር ነዋሪ የሆነ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ በፍሬን መርማሪነት የሚያገለግል፣ ጡረታው የተቃረበ፣ ማናቸውም ነገር ተቃራኒው በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ይበጠሳል፣ ይፈነዳል ወይም ያስጠይቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ትርጓሜው ባለቤቱን ወይዘሮ ሰርካዲስን አይጨምርም፤ እንዳትጨመር ራሷ አጥብቃ ተከራክራለች።

እንዲህ ያደረገው ሙያው ነው የሚሉ አሉ። የጋራዡ ሠራተኛ ሁሉ ባቡሩ እንዲሄድ ሲለፋ፣ ማዘንጊያ የተቀጠረው ባቡሩ ባይቆምስ ብሎ እንዲሰጋ ነበር። ሥጋቱን ደግሞ እንደ ቱታው ጋራዡ ውስጥ ሰቅሎት አይመጣም። እቤቱ ሲገባ ወንበሩን ነቅነቅ ሳያደርግ አይቀመጥም። ሬዲዮው የወታደር ማርሽ ካሰማ፣ ቀጥሎ የሚነበበው የእርሱ ስም ይመስል፣ ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ያስጠጋል። ሐኪም «ደህና ነህ» ያለው ጊዜ ሐኪሙ ምን ደብቆኝ ይሆን ሲል ሰንብቷል።

እንዲህ ያለ ሰው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት አሮጌ ላንድሮቨር ገዛ ሲባል ከዚራ ለጊዜው ሌላ ወሬ አላስፈለጋትም። መኪናዋ አገሩ የገባ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነበረች። ጣሪያዋ ዝጓል፤ ባሌስትራዋ ተኝቷል፤ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ኋላ መሄድ ይቀናታል። ማዘንጊያ ግን ሲያያት የሚታየው ሌላ ነገር ነው። በጎልማሳነቱ ዘመን ፈረንሳዮቹ የምድር ባቡር መሐንዲሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ድንኳንና ተጣጣፊ አልጋ በመኪና ጭነው ኤረር ፍል ውሃ ዳር ያድሩ ነበር። «ካምፒንግ» ይሉታል። ቤት ያለው ሰው፣ ማንም ሳያባርረው፣ ሜዳ ላይ ተኝቶ እየሳቀ ይመለሳል። ማዘንጊያ የቀናው በድንኳኑ አልነበረም፤ በሳቁ ነበር። እኔም አንድ ቀን ያለ ሥጋት ባድር ብሎ የተመኘው ያኔ ነው።

«ሜዳ ማደር የጸበልተኛ ነው እንጂ የደመወዝተኛ አይደለም» አለች ሰርካዲስ። ነገር ግን ጉልበቷን ያማት ነበርና፣ የኤረር ፍል ውሃም ለጉልበት ፍቱን ነው ይባላልና፣ ተቃውሞዋን በዚያው ተወችው።

ጥገናው የተካሄደው መጋላ ሰፈር ባለችው የፋራህ ብየዳ ቤት ነው። ፋራህ የማዘንጊያ የልጅነት ጓደኛ፣ ሲበይድ መነጽር የማያደርግ ሰው ነው፤ በዚህም ምክንያት ማዘንጊያ ሥራውን የሚቆጣጠረው የራሱን ዓይን ጨፍኖ ነበር። ሞተሩ ወርዶ ታጠበ። ፍሪሲዮኑ ተቀየረ። አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገው ማርሽ ከዓመታት ዝገቱ ተላቆ ገባ። ይህ ሁሉ ግን ጥገና ነው፤ የማዘንጊያ ነፍስ ያለችው በጭማሪው ላይ ነበር። ከተጣለ የሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ መቀመጫ፣ ከነእስፕሪንጉ፣ አልጋ ተሠራ። ጣሪያዋ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ድንኳን የሚሆን ሸራ ተጠቀለለ። አንዱ ስኮርታ፣ ትርፉ ጎማ፣ ቢፈነዳስ ተብሎ ሌላ፣ ሌላው ቢሰረቅስ ተብሎ ደግሞ ሌላ ጎማ ተጫነ። ከአልጋው ሥር ትልቅ የውሃ ታንከር ተበየደ።

«ወርያ ማዘንጊያ» አለ ፋራህ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ «ኤረር እኮ ያለው ውሃ ነው። ወደ ውሃ ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ፣ ወላሂ!»

«ቢደርቅስ?»

«አቦ፣ ፍል ውሃ ነው! ከመሬት ሆድ ነው የሚወጣው።»

«የመሬትን ሆድ ማን አይቶት ያውቃል?»

ፋራህ ሳቀ። ታንከሩን በመዶሻው ኳ ኳ አደረገና፣ «በዚህስ ጅቡቲ ትገባለህ፤ ፍራንክህን ብቻ አዘጋጅ» አለው።

ቀልድ ነበር። በዚያን ዘመን ግን ጅቡቲ፣ ባቡሩ ሁልጊዜ የሚመላለስባት ከተማ ብትሆንም፣ ስሟ ግራና ቀኝ ታይቶ የሚጠራ ነበር። በበረሃው አቋርጦ የጠፋ ሰው ወሬ በየጊዜው ይሰማል፤ የቀሩት ዘመዶቹ ምን እንደሚጠየቁም ይሰማል። ማዘንጊያ ላንድሮቨሯን በቀበሌ ዓይን ተመለከታት። አልጋ አላት። ውሃ አላት። የነዳጅ ጀሪካን አላት። በራሱ ገንዘብና በራሱ እጅ፣ ለመክዳት የተሰናዳ የሚመስል መኪና ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ እንጀራ በቀረበ ቁጥር በመስኮት ወደ መኪናዋ ይመለከት ጀመር።

«ሰው ምን ይላል?» አላት ሰርካዲስን።

«ሰው የሚያወራው ስለ ስኳር ነው። ለኅብረት ሱቁ ስኳር ከመጣለት ወዲህ አንተን ያስታወሰ የለም።»

«አሁን ነዋ! ነገ ቢያስታውሱኝስ?»

ታንከሩን ላውጣው አለ፤ ማውጣቱ መደበቅ ይመስላል ብሎ ተወው። መኪናዋን ሸራ ላልብሳት አለ፤ የተሸፈነ ነገር ዓይን ይስባል ብሎ ገለጠው። በመጨረሻ ከእርሱ ሌላ ማንም ሊያስበው የማይችል መፍትሔ ታየው፤ ሳይጠየቅ መናገር።

የቀበሌው ስብሰባ እንደ ልማዱ በሂስና ግለ ሂስ ይዘጋ ነበር። ነዋሪው ሁሉ ለዚህ ሰዓት የሚሆን፣ ማንንም የማይጎዳ ጥፋት አዘጋጅቶ ይመጣል። አንዱ አርፍጃለሁ ይላል፣ ሌላው የማንበብ ድክመት አለብኝ ይላል፣ አዳራሹ በእንቅልፍ ልቡ ያጨበጭባል። ማዘንጊያ ተነሣ።

«ጓዶች፣ መኪናዬ ውስጥ የውሃ ታንከር አሠርቻለሁ። ይህንንም ሳላሳውቅ በመቅረቴ ራሴን እሂሳለሁ። ታንከሩ ለጅቡቲ አይደለም።»

አዳራሹ ነቃ። የግድግዳው ማራገቢያ እንኳ ለማዳመጥ የቆመ መሰለ።

«የምን ታንከር?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሰርካዲስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አየነው ከጠረጴዛው ቀና አለ። ከስብሰባ ወደ ዘመቻ፣ ከዘመቻ ወደ ሌሊት ሮንድ፣ ከሮንድ ወደ ስብሰባ የሚመላለስ፣ ዓይኑ በርበሬ የመሰለ ሰው ነበር።

«ጓድ ማዘንጊያ፣ ስለ ጅቡቲ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«የለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ታዲያ ለምን አነሡት?»

«እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው።»

ጓድ አየነው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያም ውሳኔውን ተናገረ። ነገ ራሱ መጥቶ መኪናዋን ይመረምራል። ዓላማዋ ፍል ውሃ መሆኑን ካመነበት ወደ ኤረር የሚያሳልፈውን የይለፍ ወረቀት እዚያው ይፈርማል። ካላመነበት መኪናዋ ለቀበሌው አገልግሎት ትውላለች፤ ባለቤቷም አብራርቶ ይጨርስ ዘንድ ለጊዜው ከቤቱ ውጭ ይቆያል። ማዘንጊያ የመጨረሻውን ቃል እስከ ቤቱ ድረስ ሲያብላላው ሄደ። «ለጊዜው» ስንት ጊዜ ነው?

በማግስቱ ጓድ አየነው የደረሰው በቀትር፣ ድሬዳዋ መስኮቷን ዘግታ ጋደም በምትልበት ሰዓት ነው። ሽጉጡን ታጥቋል፣ ቦርሳ አንግቷል። ከደጃፉ የቆመችውን ላንድሮቨር ዞረ። ታንከሩን አንኳኳ። ጎማዎቹን አይቶ «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ።

«ቢፈነዳ ነው፣ ጓድ።»

«ይሄስ?»

«አልጋ ነው።»

«ሁለት ሰው ያስተኛል?»

«አንድ ተኩል» አለች ሰርካዲስ። «ተኩሉ እሱ ነው።»

ጓድ አየነው አልሳቀም። «መረጋገጥ አለበት» ብሎ ከኋላ ገባና ለማረጋገጥ ጋደም አለ። የፉርጎው እስፕሪንግ ቀስ ብሎ ሲጥጥ አለ። ቀጥሎ የተሰማው ማንኮራፋት ነበር።

ማዘንጊያና ሰርካዲስ ተያዩ።

«ቀስቅሰዋ!» አለች ሰርካዲስ።

«ሊቀ መንበር ይቀሰቀሳል?»

«ሰው አይደለም እንዴ?»

«ቢደነግጥስ? የታጠቀ ሰው እኮ ነው።»

ቆመው ጠበቁ። ፀሐይዋ ላሜራው ላይ ወረደች፤ መኪናዋ ምድጃ ሆነች። የጓድ አየነው ግንባር በላብ ተጠመቀ፣ ፊቱ ቀላ። ማዘንጊያን አዲስ ሐሳብ ወጋው። ሊቀ መንበሩ በሙቀት ታፍኖ፣ በእርሱ መኪና፣ በእርሱ አልጋ ላይ ቢሞትስ? ይህ ከጅቡቲም የከፋ ነበር። ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ላስጠጋው ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ሰርካዲስም ሊቀ መንበርን ከዚህ ሰው ጋር ብቻውን መተው አይገባም ብላ ከጎኑ ገባች።

ጥላው ሥር ሲያቆም ማንኮራፋቱ ተቋረጠ። ጓድ አየነው ተገላበጠና በእንቅልፍ ልቡ «ቀጣዩ አጀንዳ…» አለ። ማዘንጊያ ደንግጦ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ነፋስ ገባ፣ እስፕሪንጉ እሹሩሩ አለ፣ ማንኮራፋቱ ተመለሰ። ነገሩ ግልጽ ሆነለት፤ ሲሄዱ ይተኛል፣ ሲቆሙ ይነቃል። በከዚራ ጥላማ መንገዶች ሁለት ጊዜ ዞሩ። ለሦስተኛው ለመታጠፍ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነበር፤ ስለዚህ አልታጠፈም። በኤረር መንገድ ላይ ያለችው መልካ ጀብዱ እስኪደርሱ ድረስ ሳይቀንሱ የሚታጠፉበት ቦታ አልተገኘም።

መልካ ጀብዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ማዘንጊያ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እስፕሪንጉ እሹሩሩ ማለቱን እንዳያቋርጥ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ቆመ። የኬላው ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ያልተፈረመው የይለፍ ወረቀት ያለው ከኋላ፣ ከተኛው ሰውዬ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰርካዲስ ዓይኗን ጨፍና ባሏ ራሱን ስቶ መሪው ላይ እስኪደፋ ጠበቀች።

«የይለፍ ወረቀት!» አለ ጠባቂው።

ማዘንጊያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ቀስ በል» አለ፣ እንደ ተቆጣ አለቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጓድ ሊቀ መንበር ዕረፍት ላይ ናቸው።»

ጠባቂው አንገቱን አስግጎ ጫማውን፣ ሽጉጡን፣ ቦርሳውን አየ። ተረከዙን ገጠመ፤ እንዳይሰማም ተጠነቀቀ። «ለምን ጉዳይ ነው፣ ጓድ?» አለ በሹክሹክታ።

«ለምርመራ።»

ገመዱ በቀስታ ወረደ።

መልካ ጀብዱን እንዳለፉ ሰርካዲስ አብራው ያረጀችውን ሰውዬ፣ ከማታውቀው መንገደኛ ጋር የተሳፈረች ያህል፣ ዞራ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ እንመለስ እንጂ! ቢነቃስ?»

«ሲነቃ ሻይ እናፈላለታለን» አለ ማዘንጊያ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሦስተኛ ማርሽ እያስገባ።