የኋላ ጎማዋ ድምፅ

ድንበሩ አጠገብ ባለችው ሰፈራችን፣ ማንያታ ውስጥ፣ ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ ግራሶ ከሸተተኝ እግሬ ይቆማል፤ አባቴ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ሁለት በር ብቻ ያላት አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረችው። የኋላ ጎማዋ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ይጮኻል። ጥሎት የተሰደደው አገሩ ከቤታችን ደጅ ይታያል። "ኩሽኔታው ይቀየር እንጂ፣ በመኪናችን ገብተን ዘመዶቻችንን እንጠይቃቸዋለን" እያለ ስንት ዓመት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ አብረን ቀየርነው። አዲሱ ኩሽኔታ እንዲኮማተር ሱቃችን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሶዳው መሀል አሳድረነዋል። የሚገባበትን ብረት ደግሞ እንዲሰፋ በእናቴ የከሰል ምድጃ፣ በጂኮው ፍም ላይ አጋልነው።

"ወጤን አውርዳችሁ ብረት ትጥዳላችሁ?" ብላ ጮኸችብን።

ኩሽኔታው ያለ መዶሻ ሰተት ብሎ ገባ። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ተነሣን። መኪናዋ እስከ ድንበሩ በር ድረስ ጸጥ ብላ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ፤ መሪውን እንደጨበጠ ማዶ ማዶውን አየ።

"አሁንም ይጮኻል፣ ልጄ። አልሰማሽም?"

ምንም አልሰማሁም።

"ሰምቻለሁ፣ አባዬ" አልኩት። ተመለስን።

ዛሬ ለገበያ ድንበሩን በእግሬ እሻገራለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ምነው ያ ድምፅ በተሰማኝ።